ዘመድን ከሩቅ ሆኖ ስለ መርዳት

ለእናትና ለአባት የሚደረግ እርዳታ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በቀድሞ ዘመን ልጅ ወላጁን የሚረዳው አርሶና አጭዶ፣ እንጨት ፈልጦና ውሃ ቀድቶ ነበር፤ ወደ ሩቅ አገር የሄደ እንደ ሆነም ገንዘብና ልብስ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። ዛሬ ግን በዚህ ላይ ሌላ ዓይነት እርዳታ ተጨምሯል። ይኸውም በአንድ አገር የተቀመጠ ልጅ በሌላ አገር ያሉትን የወላጆቹን ስልክና ኮምፒዩተር በኢንተርኔት አማካይነት ማቃናት ነው። በዋሽንግተን ያለው ልጅ በጎንደር ያለችውን እናቱን፣ በሪያድ ያለችው እኅት በደሴ ያለውን ወንድሟን፣ በአዲስ አበባ ያለው የልጅ ልጅ በደብረ ማርቆስ ያሉትን አያቱን፣ «እዚህ ላይ ይንኩ፤ ያንን ይዝጉ» እያለ ሲረዳ መስማት የዘወትር ነገር ሆኗል።

ይህ ሥራ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጠልቆ ለተመለከተው ሁለት ታላላቅ ነገሮች አሉበት፤ እነርሱም የወላጅ ክብርና የወላጅ ጥሪት ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ርእሰ አንቀጻችን ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን። ለማለት የምንፈልገውም ባጭሩ ይህ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ የሚረዳ ልጅ ሥራውን በችኰላ ራሱ ሠርቶ የሚጨርስ ከሆነ፣ ወላጁን ለዛሬ ቢያሳርፈውም ለነገ ለአታላይ ያመቻቸዋል፤ በትዕግሥት እያስተማረና ፈቃድ እየጠየቀ የሚረዳ ከሆነ ግን ወላጁን ከችግርም ከሌባም ያድነዋል።

ነገሩ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ሰው ጥቂት በነበረበት ጊዜ፣ ከሩቅ ደብዳቤ የመጣለት ሰው ፊደል ወደሚያውቅ ጎረቤት ሄዶ ያስነብብ ነበር፤ መልሱንም ያስጽፍ ነበር። ያም አንባቢ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ተበደረ፣ የርስቱ ክርክር ከምን እንደ ደረሰ፣ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ያውቅ ነበር። ጨዋ የሆነው አንባቢ የተጻፈውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ አንብቦ፣ ወረቀቱን አጥፎ ለባለቤቱ መልሶ፣ የሰማውን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል። ጨዋ ያልሆነው ግን ወሬውን በገበያ ይበትነዋል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው የአባቶቻችን ቃልም ለእንዲህ ያለው ነገር የሚስማማ ነው።

የዛሬው ስልክ ግን ከአንድ ደብዳቤ እጅግ የበለጠ ነገር ይዟል። ደብዳቤውም፣ ፎቶግራፉም፣ የገንዘቡም ሣጥን በአንድነት በእርሱ ውስጥ ይገኛሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም ፔሳን በ2015 ዓ.ም. ካስገባ ወዲህ፣ ባንኮችም ሒሳብን በስልክ ማንቀሳቀስን ካስለመዱ ወዲህ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ ከመቀነትና ከሣጥን ወጥቶ ወደ ስልክ ገብቷል። እንግዲህ የእናቱን ስልክ ከሩቅ የሚያስተካክል ልጅ የእናቱን ጓዳ እንደ ገባ ሊቈጥረው ይገባል።

ከሩቅ ሆኖ የሌላውን ሰው ኮምፒዩተር የማየትና የማንቀሳቀስ ጥበብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ በነበረው በኦሊቬቲ የምርምር ቤት ቪ ኤን ሲ የተባለው ፕሮግራም የተሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ባወጣው በዊንዶውስ ኤክስ ፒ ውስጥ የርቀት እርዳታ የሚደረግበትን መንገድ ጨመረ። በጀርመን አገርም ቲምቪወር በ2005፣ ኤኒዴስክ በ2014 ተመሠረቱ። ዋትስአፕ ደግሞ በ2023 ሰዎች በቪዲዮ ሲነጋገሩ የስልካቸውን ገጽ እርስ በርሳቸው እንዲያሳዩ አደረገ።

የአሠራሩም ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። ተረጂው ፕሮግራሙን ሲከፍት መለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል ይታየዋል፤ ይህንኑም ለረጂው ይነግረዋል። ረጂው ያንን በራሱ መሣሪያ ላይ ሲጽፍና ተረጂው ሲፈቅድ ሁለቱ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ በተረጂው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ወደ ረጂው ይሄዳል፤ ረጂው በማውስና በኪቦርድ የሚያደርገውም ሁሉ በተረጂው ኮምፒዩተር ላይ ይፈጸማል። ስለዚህ ያ ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው ማለት ነው። ቁልፉን የያዘው ልጅ ይሁን ሌባ፣ ፕሮግራሙ ለይቶ አያውቅም፤ ለይቶ ማወቅ የሚገባው የቤቱ ባለቤት ነው።

ሌቦችም ይህንን አውቀዋል። የአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ስለ ደረሰው አቤቱታ ባወጣው መግለጫ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከ3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ በማታለል እንደ ተወሰደባቸው፣ ከእነርሱም ከመጣው አቤቱታ በቁጥር የበዛው «የኮምፒዩተር ጥገና ሠራተኞች ነን» በሚሉ አታላዮች ላይ የቀረበው እንደ ሆነ አስታውቋል። በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን ከነሽማግሌዎቻቸው ይኖራሉና ነገሩ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችንም «ከባንክ ነው የምደውለው» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» እያለ የምሥጢር ቁጥር የሚለምን ደዋይ ያልገጠመው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ሁለት ንግግሮችን ጎን ለጎን አድርገን እንመልከት። በሥራ የተጣደፈ ልጅ ለእናቱ ይደውልና «እማዬ፣ አሁን በስልክሽ ቁጥር ይመጣል፤ ቶሎ አንብቢልኝ፤ ከዚያ የሚጠይቅሽን ሁሉ እሺ በይው፤ ሌላውን ለእኔ ተዪው» ይላል። አታላዩም ይደውልና «እማማ፣ አሁን በስልክዎ ቁጥር ይመጣል፤ ቶሎ ያንብቡልኝ፤ ከዚያ የሚጠይቅዎትን ሁሉ እሺ ይበሉ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከድምፁ በቀር ምንም ልዩነት የለም። ድምፅን ደግሞ ዛሬ በኮምፒዩተር አስመስሎ መሥራት ተችሏል። እንግዲህ እናቲቱ ለልጇ አሥር ጊዜ ያነበበችውን ቁጥር ለአሥራ አንደኛው ደዋይ ብታነብ፣ ልማዱን ያስተማራት ማን ነው? የሌባው ተንኰል ምንም ቢበዛ፣ መንገዱን የጠረገለት የቤት ሰው ችኰላ መሆኑን መካድ አይቻልም።

ልጆቹም የሚቸኩሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ወላጅ ከማታው በሁለት ሰዓት ራቱን በልቶ ስልኩን ሲያነሣ፣ ልጁ በዚያ በእኩለ ቀን በሥራው ላይ ነው። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችንም የሰዓቱ ልዩነት ባይኖርባት፣ ዕረፍት የምታገኘው የአሠሪዎቿ ቤት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ተዪው እኔ ልሥራው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ዛሬ በአምስት ደቂቃ ያለቀው ነገር በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ በወሩም እንደ ገና ይመጣል፤ ያልተማረ ሰው የሚጠይቀው ያንኑ ነውና። በትዕግሥት የተሰጠ አንድ ሰዓት ግን ብዙ የችኰላ ሰዓቶችን ያስቀራል።

በአገራችን ፊደል የሚያስቈጥር መምህር የሚያደርገውን እናስታውስ። ተማሪው በስንደዶ ፊደሉን እየጠቈመ ይቈጥራል፤ ሲሳሳት መምህሩ ያቃናዋል። መምህሩ ስንደዶውን ነጥቆ ራሱ ቈጥሮ ቢጨርስ ግን ልጁ በማግስቱም ከ«ሀ» አያልፍም። ከሩቅ የሚረዳ ሰውም ስንደዶውን በተረጂው እጅ ሊተወው ይገባል። ይህም እንዲሆን አስቀድሞ በቃል ይርዳ፤ በቃል ያልተቻለ እንደ ሆነ ገጹን በፎቶግራፍ ወይም በቪዲዮ አይቶ ይርዳ፤ ይህም ያልተቻለ እንደ ሆነ ብቻ በመጨረሻ በፈቃድ እጁን ያስገባ። ይህ ቅደም ተከተል ለኪስም ይጠቅማል። ገጹን ሁሉ በቪዲዮ ማሳየት ብዙ ዳታ ይበላል፤ መብራት በጠፋና ኔትወርክ በደከመ ጊዜም ይቋረጣል፤ አንድ ፎቶግራፍ ግን በጥቂት ወጪ ይደርሳል።

የአነጋገሩም ነገር ጥበብ ይፈልጋል። «ሴቲንግ ውስጥ ግቢ» ቢባል፣ እንግሊዝኛ ለማታውቅ እናት ምንም አልተነገራትም። ስልኳ በአማርኛ የተዘጋጀ እንደ ሆነ ደግሞ ያ ቃል በገጿ ላይ ጨርሶ አይገኝም። በእስራኤል አገር ለሚኖሩ ሽማግሌ መሣሪያው የሚናገረው በዕብራይስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሟን ትቶ መልኳን መናገር ይሻላል፤ «ዙሪያዋን ጥርስ ያላት፣ እንደ መንኰራኩር ያለች ትንሽ ምልክት አለች፤ እርስዋን አንድ ጊዜ ንኪና ምን እንደ መጣልሽ ንገሪኝ» ማለት ነው። «ምን እንደ መጣልሽ ንገሪኝ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይበልጣል፤ እናት የምታየውን በገዛ ቃሏ እየተናገረች ስትሄድ መንገዱ በልቧ ይቀረጻልና። ከዚያም መንገዱን በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንድ ሁለት እያለች በደብተር ትጻፈው፤ መጻፍ የማትችል እንደ ሆነ ልጁ በድምፅ ቀርጾ ይላክላት።

ወላጅን የሚያስጨንቀው ችግርም ብዙ ጊዜ ሲያውቁት ትንሽ ነው። ለምሳሌ አንድ አባት ከብዙ ዓመት በፊት በግዕዝ ፊደል ያስጻፉትን ጽሑፍ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፍቱት፣ በፊደሉ ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ይታያቸዋል። ጽሑፉ የጠፋ ስለሚመስላቸውም ሊደመስሱት ይነሣሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ አንዳንዱም ከዚያ ወዲህ በዚያው ልማድ ቆይቷል። ስለዚህ ጽሑፉ በተጻፈበት ፕሮግራም የነበረው የፊደል ቅርጽ ሲጫን፣ ወይም ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ሲለወጥ፣ ቃሉ እንደ ነበረ ይመለሳል። «አባባ፣ ምንም አልጠፋም፤ እንዳይደመስሱት» የሚል አንድ ቃል ከሩቅ ቢደርስ፣ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ይተርፋል። እንዲህ ያለው እርዳታ የማንንም መሣሪያ መያዝ አያሻውም።

እጅን ማስገባት ግድ በሆነ ጊዜ ግን ጥንቃቄው ይጸናል። ከዚህ የሚከተሉትን ነገሮች እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ተስማምቶ ቢይዛቸው መልካም ይመስለናል።

መጀመሪያ፣ እርዳታው ሁልጊዜ በተረጂው ጥሪ ይጀመር። ሳይጠሩት «መሣሪያዎ ተበላሽቷል» ብሎ የሚደውል ሰው ረጂ አይደለም። ማይክሮሶፍትም ሰው ሳይጠራው እየደወለ ኮምፒዩተር አደሳለሁ እንደማይል፣ በስሕተት ማስታወቂያዎቹም ላይ የስልክ ቁጥር እንደማያኖር ራሱ አስታውቋል። ደዋዩ ልጅ የሚመስል እንኳ ቢሆን፣ ስልኩን ዘግቶ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል ይገባል። ቤተ ሰቡም ከቤት ሰው በቀር ሌላ የማያውቀው አንድ የምልክት ቃል ቢኖረው፣ የተሰረቀ ድምፅ አያታልለውም።

ሁለተኛ፣ የምሥጢር ቁጥርና በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገር፤ ማንም ያልነው ልጅንም ጨምሮ ነው። ቁጥሩን መጻፍ ካስፈለገ ባለቤቱ በገዛ እጁ ይጻፈው። ልጁም «ቁጥሩን ለእኔም እንኳ አትንገሪኝ» ብሎ ራሱ ቢከለክል፣ ለእናቱ ከባንክ ማስታወቂያ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ሰጣት። ገጹን በቪዲዮ በሚያሳዩበት ጊዜ የሚመጣው መልእክት ለሌላውም ሊታይ ስለሚችል፣ የገንዘብ ሥራ ሲሠራ ማሳየቱ ይቁም።

ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ በሩ ይዘጋ። ባለቤቱ በሌለበት በማናቸውም ሰዓት ለመግባት የሚያስችል መንገድ ያለ ግልጽ ስምምነት አይተው፤ የማያስፈልግ ፕሮግራምም ይነሣ። ኤኒዴስክን የሠራው ኩባንያ ራሱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የገዛ መሣሪያዎቹ በሰርጎ ገቦች እንደ ተደፈሩበት አስታውቋል። ቁልፍ ሠሪው የተደፈረበት ጊዜ ካለ፣ ቁልፉን በበሩ ላይ ሰክቶ መተው ማስተዋል አይደለም።

አራተኛ፣ ረጂው ከተጠራበት ነገር አይለፍ። ፊደል ሊያስተካክል የገባ ልጅ የአባቱን ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ አይመልከት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ መሄድንም ይከለክላል። ነገር ግን በአባትና በልጅ መካከል ከአዋጅ የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም መከባበር ነው።

አምስተኛ፣ ችግር ሳይመጣ ጥቂት ጊዜ ለጥበቃ ይሰጥ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ነውና ፎቶግራፉና ጽሑፉ በሌላ ስፍራ ይገልበጥ፤ ፕሮግራሞቹም ይታደሱ። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሮጌ ኮምፒዩተር ያላቸው ወላጆች ይህንን ከሌላ ስለማይሰሙት፣ ልጆቻቸው ሊነግሯቸውና መፍትሔውን ሊፈልጉላቸው ይገባል።

ለወላጆችም የምንለው ቃል አለን። ያልተማሩትን ነገር አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ልጅን መጠየቅም ከክብር አያወርድም። ነገር ግን ልጅ «ተዪው» ባለ ጊዜ ሁሉ መተው አይገባም፤ «አሳየኝ፤ ነገ ራሴ እንድሠራው» ማለት መብት ነው። ከሁሉም ይልቅ፣ የተታለለ ሰው ኀፍረት ይዞት ዝም እንዳይል አጥብቀን እንለምናለን። አታላይ የሚደሰተው በዝምታ ነው። ገንዘብ የተወሰደበት ሰው በዚያው ሰዓት ለባንኩ ነግሮ ሒሳቡን ቢያሳግድ፣ ለፖሊስም ቢያመለክት፣ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሳያልፍ ሊደረስበት ይችል ይሆናል፤ እስከ ሳምንት ቢደብቀው ግን ተስፋው እጅግ ያንሳል። ልጆችም ይህን በሰሙ ጊዜ «እንዴት ታደርጊዋለሽ!» ብለው እንዳይቈጡ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የተቈጧት እናት ሁለተኛ ጊዜ አትናገርምና።

መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ባንኮችና የስልክ ኩባንያዎች የሚያወጡት ማስጠንቀቂያ በአማርኛና በሌሎቹም ያገራችን ቋንቋዎች፣ ሽማግሌ በሚያነበው ትልቅ ፊደልና ማንበብ ለማይችለው በድምፅ ሊሆን ይገባል። ልጆቻቸው በሩቅ ላሉባቸው ወይም ልጅ ለሌላቸው አረጋውያንም በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የተማሩ ወጣቶች በየሰፈራቸው ሳምንታዊ የእርዳታ ሰዓት ቢሰጡ፣ ወጪው ጥቂት ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ነው። ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ የሚቀርብበት ጊዜ አለና።

እንግዲህ የኢንተርኔት ጥበብ አገርን ከአገር አቀራርቦ፣ በስደት ያለ ልጅ በወላጁ ቤት ሥራ እንዲገባ ማድረጉ የሚያስደስት ነገር ነው። ገንዘብ መላክ ያልቻለ ልጅ እንኳ ዕውቀቱን መላክ ይችላል። ይሁን እንጂ ዕውቀት ሲላክ ከትዕግሥትና ከአደራ ጋራ ካልሆነ፣ የተቀበለውን ሰው ጥገኛ ያደርገዋል፤ ለአታላይም ያጋልጠዋል። ስለዚህ በሩቅም በቅርብም ያላችሁ ልጆች ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከቤት ጥሪ ሲደርሳችሁ፣ ሥራው ጥቂት ቢዘገይም ስንደዶውን በወላጆቻችሁ እጅ ተዉት። የእርዳታችሁም ፍሬ የሚታወቀው፣ እናታችሁ ቁጥር ለሚለምናት እንግዳ ደዋይ «ለልጄም አልነገርኩ» ብላ ስልኩን በዘጋችበት ቀን ነው።